ሉፐስ፦ በብዙ ስሞች ተሸፍኖ የኖረ በሽታ

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ደጋና ቆላ ተጎራብተው ይገኛሉ። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ስማዳና እስቴ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ ሞቃት ቆላ ይሆናሉ። በዚህ አገር ለአጨዳ ወይም ለአረም ፀሐይ ላይ የዋለች ሴት ማታውኑ ፊቷ ቢቆጣ፣ ትኩሳት ቢይዛትና ሰውነቷን ቢቆረጥማት፣ ጤና ጣቢያ ከመድረሷ በፊት ሕመሟ ስም አግኝቷል፤ «ምች መታት» ይባላል። ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጣታል። የእጅና የጉልበት መገጣጠሚያዋ ቢያብጥ ደግሞ «ቁርጥማት» ነው። ቆዳዋ ላይ ጠባሳ የሚተው ቁስል ቢወጣ ሥጋ ደዌ ይጠረጠራል፤ ብትከሳና ደረቷን ቢወጋት የሳንባ ነቀርሳ ይታሰባል።

እነዚህ ስሞች እያንዳንዳቸው ብዙ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አልፎ አልፎ ግን ሁሉም በአንድ ሰው ላይ በየተራ የሚወጡ የአንድ በሽታ ገጽታዎች ይሆናሉ። ይህ በሽታ ሉፐስ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ሉፐስ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ እስኪታወቅ ድረስ በነቀርሳ፣ በሥጋ ደዌና በካንሰር ስም ተሸፍኖ ብዙ ምዕተ ዓመታትን አሳልፏል። ስለዚህ ታሪኩን ማወቅ ዛሬም በሽታውን ለመለየት ይረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

«ተኩላ» የተባለው በሽታ

ሉፐስ በላቲን ቋንቋ ተኩላ ማለት ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ፊትንና እግርን እየበላ የሚሄድን ማናቸውንም ቁስል፣ ተኩላ የነከሰው ስለሚመስል፣ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። በስሙ ሥር የቆዳ ነቀርሳም፣ ካንሰርም፣ ሌላም ሌላም ተቀላቅሎ ኖረ።

መለየቱ የተጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት በፓሪስና በቪየና በነበሩ የቆዳ ሐኪሞች ነው። በ1845 ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ በሁለቱ ጉንጮችና በአፍንጫ ድልድይ ላይ የሚወጣውን ሽፍታ ክንፉን በዘረጋ ቢራቢሮ መሰለው። በ1851 ፈረንሳዊው ካዜናቭ ቀይ የሚሆነውን ዓይነት ከሌላው ለይቶ «ሉፐስ ኤሪቴማቶሰስ» የተባለውን ስም አወጣ። ሮበርት ኮኽ በ1882 የነቀርሳን ባክቴሪያ ካገኘ በኋላ «ሉፐስ ቩልጋሪስ» የተባለው ቁስል የቆዳ ነቀርሳ መሆኑ ተረጋገጠ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሉፐሶች ተለያዩ፤ አንደኛው መንሥኤው ታወቀ፣ ሁለተኛው ግን መንሥኤ የሌለው ሆኖ ቀረ።

ከቆዳ ወደ ውስጥ አካል

ሁለተኛው ሉፐስ የቆዳ በሽታ ብቻ አለመሆኑን በግልጽ ያስተዋለው በቪየና ይሠራ የነበረው ሞሪትዝ ካፖሲ ነው። በ1872 ባሳተመው ጥናት ሽፍታው ያለባቸው አንዳንድ ሕመምተኞች ትኩሳት፣ ክሳት፣ የደም ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የዕጢዎች እብጠት እንደሚያድርባቸውና እስከ ሞት እንደሚደርሱ ገለጸ። ከ1895 ጀምሮ ዊልያም ኦስለር የቆዳው ሽፍታ ከልብ፣ ከሳንባና ከኩላሊት ጉዳት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ጻፈ። በ1924 ሊብማንና ሳክስ በልብ ቫልቮች ላይ የሚታየውን፣ በባክቴሪያ ያልመጣውን ቁስለት ገለጹ።

ይሁን እንጂ በሽታውን በላቦራቶሪ የሚያረጋግጥ ምንም ነገር አልነበረም። ይህ የተለወጠው በ1948 ነው። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሃርግሬቭስ፣ ሪችመንድና ሞርተን የሕመምተኞችን የአጥንት መቅኒ ሲመረምሩ፣ የሌላውን ሴል ኑክሊየስ የዋጠ ነጭ የደም ሴል አዩ። «የኤል ኢ ሴል» ተባለ። በ1957 ፍሩ በሚያበራ ቀለም በመጠቀም በሕመምተኞች ደም ውስጥ ኑክሊየስን የሚቃወሙ አንቲቦዲዎች መኖራቸውን የሚያሳየውን ዘዴ ገለጸ፤ ዛሬ «ኤ ኤን ኤ» የሚባለው ምርመራ መሠረቱ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት የተለያዩ ተመራማሪዎች ራሱን ዲ ኤን ኤን የሚቃወም አንቲቦዲ አገኙ።

ሰውነት ራሱን ሊወጋ ይችላልን?

የእነዚህ ግኝቶች ትርጉም በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ከማጥቃት ይሸሻል የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሐሳቡም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል እንደ ሕግ ተቆጠረ። በ1950ዎቹ ግን ሮዝና ዊቴብስኪ የታይሮይድ ዕጢን በሚመለከት ያደረጉት ጥናትና በሉፐስ ሕመምተኞች ደም የተገኙት አንቲቦዲዎች፣ የአካል ዘበኛ በገዛ ቤቱ ላይ ሊነሣ እንደሚችል አስረዱ። አውቶኢሚዩን የሚባሉት በሽታዎች ጽንሰ ሐሳብ በዚህ ጸና፤ ሉፐስም የዚህ ወገን ዋነኛ ምሳሌ ሆነ።

ዛሬ እንደሚታወቀው የበሽታው መንሥኤ አንድ አይደለም። አንዳንድ ሰው የሞቱ ሴሎችን ቅሪት በሚገባ ለማጥራት የማይችል የዘር ዝንባሌ ይዞ ይወለዳል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቆዳ ሴሎችን ሲገድል የኑክሊየስ ቅሪት ይበዛል፤ መከላከያውም ቅሪቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ አንቲቦዲ ያመርትበታል። ኢንተርፌሮን የተባለው ንጥረ ነገር ቁጣውን ያባብሰዋል። አንቲቦዲውና ቅሪቱ ተጣብቀው በደም ሥር ይዞሩና በኩላሊት፣ በመገጣጠሚያ፣ በሳንባና በልብ ሽፋን ላይ ይከማቻሉ። ከአሥር አዋቂ ሕመምተኞች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ ናቸው። ኢንፌክሽን፣ ማጨስና አንዳንድ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው። ከመድኃኒቶቹ መካከል ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚንና ለነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ይገኙበታል። ስለዚህ አይሶኒያዚድ እየወሰደ ሳለ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የደረት ውጋት የጀመረው ሰው ሲቀርብ ይህንን ማስታወስ ይገባል።

«በአፍሪካ የለም» የተባለበት ዘመን

ሉፐስ በአፍሪካ እጅግ ብርቅ ነው የሚል እምነት ለረዥም ጊዜ ቆይቷል። በ1968 ብራያን ግሪንውድ በናይጄሪያ አውቶኢሚዩን በሽታዎች ጥቂት መሆናቸውን ጽፎ፣ ምናልባት ተደጋጋሚ የጥገኛ ተሐዋስያን ኢንፌክሽን ይከላከል ይሆናል አለ። በ1970 ከባልደረቦቹ ጋር ሉፐስን የሚመስል በሽታ ያለባቸውን አይጦች በአይጥ ወባ ቢያስይዝ በሽታው ታገሠ። ሐሳቡ ዛሬም የምርምር ርዕስ ነው።

ነገር ግን በሌላ ወገን የአፍሪካ ዘር ያላቸው የአሜሪካና የእንግሊዝ ሴቶች በሉፐስ የሚያዙት ከነጮቹ በብዙ እጥፍ ነው፤ ኩላሊታቸውም ይበልጥ ይጠቃል። በአፍሪካ ከተሞች የሩማቶሎጂ አገልግሎትና የአንቲቦዲ ምርመራ በተስፋፋ ቁጥር የሚታወቁት ሕመምተኞች በዝተዋል። ስለዚህ የ«ብርቅ» ስም ከፊሉ የመመርመሪያ እጦት ውጤት መሆኑ አያጠራጥርም። ያልተፈለገ በሽታ አይገኝም።

ከኩዊኒን እስከ ዛሬ

የሉፐስ ሕክምና ታሪክ ከወባ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑ ለኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በ1954 ለተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መመሥረት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር። በ1958 ደግሞ ወባ በደጋው አገር ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል። የጸረ ወባ መድኃኒቶች ከዚያ ዘመን ጀምሮ በየጤና ድርጅቱ የታወቁ ናቸው።

የእነዚህ መድኃኒቶች ቤተሰብ ነው ሉፐስን ያስታገሠው። በ1894 ፔይን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ኩዊኒን ለሉፐስ ሽፍታ እንደሚረዳ ጻፈ። በ1951 ፔጅ ሜፓክሪን የተባለውን ጸረ ወባ ሰጥቶ መሻሻል አየ። በ1955 የክሎሮኩዊን ወንድም የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን በአሜሪካ ጸደቀ። ዛሬም የሉፐስ ሕክምና መሠረት እርሱ ነው፤ የበሽታውን መነሣት ይቀንሳል፣ ኩላሊትን ይጠብቃል፣ በእርግዝና ጊዜም ይቀጥላል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ያለ በቂ ማስረጃ ዓለም ስለ ተሻማበት፣ በየአገሩ የሉፐስ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ያጡበት ወቅት ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ ኮርቲዞን ነው። ሄንች በ1949 ኮርቲዞን በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ ያለውን ኃይል አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከኬንዳልና ከራይሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። መድኃኒቱ ወዲያው ለሉፐስም ዋለ። በ1955 ሜሬልና ሹልማን ባቀረቡት ጥናት ከምርመራ በኋላ አራት ዓመት የኖሩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ አገልግሎቱ በተሟላበት አገር ከ10 ሕመምተኞች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትን ያልፋሉ። ሳይክሎፎስፋማይድ፣ አዛታዮፕሪንና ማይኮፌኖሌት ለኩላሊት ሕመም ገብተዋል፤ በ2011 ቤሊሙማብ፣ በ2021 አኒፍሮሉማብ ጸደቁ። በ2021 እና በ2022 ከጀርመን ኤርላንገን ከተማ የወጡት ዘገባዎች፣ ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸው ጥቂት ሕመምተኞች በላቦራቶሪ በተለወጡ የራሳቸው ሴሎች ታክመው በሽታው ጸጥ እንዳለላቸው ገልጸዋል።

በጤና ጣቢያ የሚቻለው

የኤርላንገን ሕክምና ለጋይንት ገና ሩቅ ነው። የ«ኤ ኤን ኤ» ምርመራም በወረዳ ደረጃ በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ካፖሲና ኦስለር ያንን ምርመራ ሳያዩ በሽታውን ያወቁት በዓይን፣ በእጅና በጆሮ ነበር። በደጋ አገር ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በየ1,000 ሜትር ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራልና።

ሽፍታው በጥቁር ቆዳ ላይ ሁልጊዜ ቀልቶ አይታይም፤ ጠቁሮ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉንጭንና አፍንጫን ሲይዝ ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን እጥፋት ብዙ ጊዜ ይዘልላል። ጠባሳ የሚተወው ዓይነት በጆሮና በራስ ቆዳ ላይ ወጥቶ ጠጉርን ያረግፋል፤ ከሥጋ ደዌ የሚለየውም ስሜት የማያጠፋ በመሆኑ ነው። ስለዚህ በጥጥ ጫፍ የሚደረገው የስሜት ምርመራ ትልቅ ዋጋ አለው። ምች የተባለ ሕመም ፀሐይ ባየች ቁጥር የሚመላለስባት፣ በአፏ ውስጥ የማያም ቁስል የሚወጣባት፣ ጣቶቿ ጧት ጧት የሚተሳሰሩባት ወጣት ሴት ስትቀርብ ሉፐስ ሊታሰብ ይገባል። ፅንስ ደጋግሞ የወረደባትና የቪ ዲ አር ኤል ምርመራዋ አዎንታዊ የሆነባት ሴትም የግድ ቂጥኝ አለባት ማለት አይደለም፤ በሉፐስ ምክንያት የሚመጣው አንቲቦዲ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሽንት ነው። ኩላሊት ሳያሳምም ይጎዳል፤ በስትሪፕ የሚታይ ፕሮቲንና ደም፣ ከደም ግፊት መጨመር ጋር፣ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለት ምርመራዎች ርካሽና ፈጣን ናቸው። ፕሮቲን ከተገኘ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ማስተላለፍ ሊዘገይ አይገባም። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣም «ኤ ኤን ኤ» አዎንታዊ መሆኑ ብቻውን ሉፐስ አያሰኝም፤ በጤነኛ ሰውም፣ በነቀርሳና በወባ ሕመምተኛም ይታያል። የ2019 የአውሮፓና የአሜሪካ መመዘኛ አዎንታዊውን ውጤት እንደ መግቢያ በር ቆጥሮ፣ ከምልክቶች ጋር ተደምሮ ቢያንስ 10 ነጥብ እንዲሞላ ይጠይቃል።

ሕመምተኛዋ ተመርምራ ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ የጤና ጣቢያው ሥራ ይጀመራል። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ዓይኗም በየጊዜው እንዲታይ መከታተል ያስፈልጋል። ፕሬድኒሶሎን በድንገት መቋረጥ የለበትም፤ ከመጀመሩ በፊትም ነቀርሳና በሆድ ውስጥ የሚገኘው ስትሮንጂሎይድስ ይታሰቡ። ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋማይድ ፅንስን ስለሚጎዱ የእርግዝና ዕቅድ ቀደም ብሎ መነጋገሪያ ይሁን። ባርኔጣ፣ ጃንጥላና ረዥም እጅጌ መድኃኒት ናቸው፤ እርሻውን መተው ለማትችል ሴት ግን በጧትና በአመሻሽ መሥራትን ከቤተሰቧ ጋር መመካከር ከትእዛዝ ይልቅ ይጠቅማል። ዳማከሴ ለምን ጠጣሽ ብሎ መገሠጽ አያስፈልግም፤ ሕመምተኛዋ ዳግመኛ እንዳትመጣ ያደርጋታልና።

መደምደሚያ

በመካከለኛው ዘመን አንድ «ተኩላ» የነበረው በሽታ በአምስትና በስድስት ተለይቶ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሉፐስ ሆኖ ለመቅረት ብዙ ምዕተ ዓመታት ፈጅቷል። ያንን የመለየት ሥራ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለ ጤና ባለሙያ በአንድ ሕመምተኛ ላይ በአንድ ጧት ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው የስሜት ምርመራ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የሽንት ስትሪፕና፣ ምች ሲመላለስ «ለምን ተመላለሰ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኩላሊቷ ሳይጠፋ የተገኘች ሴት ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ዘግይታ የተገኘችው ግን ዲያሊሲስ ከማይደርስበት አገር ናት።