ፀረ ተባይ ኬሚካልን የሚያፈርሱ ተሕዋስያን የጅቡቲን ወደብ መታደግ ይችላሉ?

በጎርጎሮሳውያኑ 2002፣ ከብሪታንያ ተነስተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገሩ ከነበሩ ኮንቴይነሮች ውስጥ መርዛማ ኬሚካል በጅቡቲ ወደብ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ጭነቱ 200 ቶን ገደማ ክሮሜትድ ኮፐር አርሴኔት ሲሆን፣ የእንጨት ምሰሶዎችን ከምስጥና ከመበስበስ የሚጠብቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ፍሳሹ ለወደቡ ሠራተኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች አደገኛ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር።

ከባሕር በር አልባዋ ኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው ዛሬም በዚሁ ወደብ ያልፋል፤ ፀረ ተባይ ኬሚካልም ከጭነቱ አንዱ ነው። በመሆኑም ፍሳሽ ቢያጋጥም የተበከለን አፈርና ውኃ በምን ማጽዳት እንደሚቻል ማወቅ ለሁለቱም አገራት ይጠቅማል። ተመራማሪዎች ከሚያጠኗቸው መንገዶች አንዱ በመያዣ ውስጥ የታቀቡ ረቂቅ ተሕዋስያንን መጠቀም ነው።

አሠራሩ ምን ይመስላል?

አንዳንድ ባክቴሪያዎች የፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ሞለኪውል የሚሰብሩ ኢንዛይሞች አሏቸው። በ1973 በፊሊፒንስ የሩዝ ማሳ ውኃ ውስጥ ዳያዚኖን የተባለውን ኬሚካል የሚያፈርስ ባክቴሪያ መገኘቱ ተመዝግቧል። ክሎርፒሪፎስና ማላታዮን የዚሁ የኬሚካል ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሁለቱም የበረሃ አንበጣን ለመከላከል በምሥራቅ አፍሪካ ተረጭተዋል።

ነገር ግን ባክቴሪያዎቹ እንዲሁ መሬት ላይ ቢበተኑ በጎርፍ ሊታጠቡ፣ በሌሎች ተሕዋስያን ሊበሉ ወይም በመርዙ ብዛት ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔት ይለወሳሉ። ድብልቁ ካልሲየም ክሎራይድ ባለበት ውኃ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲደረግ ወደ ትንንሽ እንክብሎች ይረጋል። መርዙ በእንክብሉ ቀዳዳዎች ይገባል፤ ባክቴሪያው ግን በውስጡ ይቆያል። እንክብሎቹ ተሰብስበው እንደገና ሊሠሩም ይችላሉ። ከሰልና የሸንኮራ አገዳ ገለባም ለመያዣነት ያገለግላሉ።

በመስክ ተሞክሯል?

በአሜሪካዋ የደቡብ ዳኮታ ግዛት አትራዚን የተባለ ፀረ አረም በፈሰሰበት መሬት ላይ፣ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን እንዲያመርቱ የተደረጉና ከዚያ በኬሚካል የተገደሉ ባክቴሪያዎችን ተጠቅመዋል። የሞተው ሴል ራሱ የኢንዛይሙ መያዣ ሆነ። ፎስፌት በተጨመረበት መሬት ላይ የአትራዚኑ መጠን በስምንት ሳምንታት ውስጥ በ77 በመቶ ቀንሷል።

በስዊድን ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎች የመርጫ መሣሪያ የሚታጠብበትን ቦታ ገለባ፣ ፒት የተባለ የረግረግ አፈርና የማሳ አፈር በተሞላ ጉድጓድ ላይ ያደርጋሉ። በገለባው ላይ የሚያድጉ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች የሚንጠባጠበውን ኬሚካል ያፈርሳሉ። ይህ ርካሽ መንገድ ለኬሚካል መጋዘኖች ግቢም ሊስማማ ይችላል።

ገደቡ የት ላይ ነው?

የ2002ቱ ፍሳሽ ራሱ ገደቡን ያሳያል። አርሴኒክ፣ ክሮሚየምና መዳብ ንጥረ ነገሮች በመሆናቸው የትኛውም ተሕዋስ ሊያፈርሳቸው አይችልም። አንዳንድ ባክቴሪያዎች አደገኛውን የክሮሚየም ዓይነት ጉዳቱ ወደሚያንስ ዓይነት ይለውጡታል። አርሴኒኩ ግን ቆፍረው እስካላነሱት ድረስ በአፈሩ ውስጥ ይቆያል።

ሁለተኛው ገደብ የኬሚካሉ ክምችት ነው። ኢትዮጵያ ለዓመታት የተከማቹና ጊዜ ያለፈባቸው ከ1,000 ቶን በላይ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ መላኳ ይታወሳል። በበርሜል የታጨቀ መርዝ ተሕዋስያኑንም ይገድላል። ዘዴው የሚመቸው በውኃና በአፈር ውስጥ ለተሰራጨ አነስተኛ መጠን ነው።

ከመርዙ መሰበር በኋላ የሚቀረውም ቁጥጥር ይሻል። ዲዲቲ ወደ ዲዲኢ ሲለወጥ እንደ ቀድሞው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ውህድ ይሆናል። ከክሎርፒሪፎስ የሚወጣው ውህድ ደግሞ ሥራውን የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ሊያዳክም ይችላል። በዚህ ላይ የጅቡቲ ሙቀትና ጨዋማ አፈር ሲታከሉ፣ በለዘብተኛ አየር የተሠራ እንክብል እዚያም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ጨውና ሙቀት የለመዱ ተሕዋስያን ከአካባቢው ተለይተው መፈተሽ አለባቸው።

በመሆኑም የተያዙት ተሕዋስያን ከማጽዳት ሥራው አንዱን ክፍል ብቻ ይሸፍናሉ። ለወደቡና ለጎረቤቶቹ የመጀመሪያው መከላከያ አሁንም የማያፈስ ዕቃ፣ ትክክለኛ ምልክትና ጭነቱ ምን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ሠራተኛ ነው።