ቁጥሩ ምን ይላል? በኤክስካቫተር ላይ ስለሚታዩት የእክል ኮዶችና ስለ ስያሜያቸው ታሪክ

ኮማትሱ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራቸው ፒሲ 200-6 በተባሉት ኤክስካቫተሮች ጋቢና ውስጥ፣ የእንግሊዝኛው መምሪያ መጽሐፍ «ፕሮሊክስ» የሚላቸው ሁለት ማብሪያዎች አሉ። ፕሮሊክስ በእንግሊዝኛ ንግግር ወይም ጽሑፍ ከልክ በላይ ሲረዝም የሚሰጥ ቅጽል ነው። ማብሪያ ነገር ሲያበዛ ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ምሥጢሩ ያለው ከጃፓንኛው ቃል ላይ ይመስላል። «ጆቾ» የሚለው ቃል በተራው አነጋገር «ነገረ ብዙ» ማለት ሲሆን፣ በምሕንድስና ግን አንዱ ሲጓደል የሚተካ ተጠባባቂ መሣሪያን ያመለክታል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ፍች ወሰደ ማለት ነው።

የማብሪያው ጥቅም ቀላል አይደለም። በሞኒተሩ ላይ «ኢ 02» የሚል ኮድ ሲታይ፣ የፓምፑን ኀይል የሚቆጣጠረው የሶሌኖይድ ቫልቭ መሥመር መታወኩን ያመለክታል። ኦፕሬተሩ ማብሪያውን ሲጫን ኤሌክትሪኩ ኮንትሮለሩን ትቶ በሌላ መንገድ ወደ ቫልቩ ይደርሳል፤ ማሽኑም እስኪጠገን ድረስ ለጊዜው ይሠራል። «ኢ 03» ሲታይም ለማዞሪያው ፍሬን ሁለተኛው ማብሪያ አለ። ኩባንያው በኋላ ባወጣቸው ሞዴሎች «የድንገተኛ ጊዜ ማብሪያ» የሚል ስም ሰጥቶታል። የቀድሞዎቹ ማሽኖች ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ «ፕሮሊክስ»ን እንደ ያዙ ነው፤ የገዛቸው ሰው ማብሪያው ለምን እንደ ተሠራ ከስሙ ሊረዳ አይችልም።

ኤክስካቫተር ራሱ ከኮዱ እጅግ ይቀድማል። አሜሪካዊው ዊልያም ኦቲስ በእንፋሎት ለሚሠራው መቆፈሪያው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1839 ነው፤ የፈረንሳዩ ፖክላን በዘይት ግፊት የሚሠራውን ማሽን ያወጣው በ1951 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የማሽኑን ሕመም የሚናገርለት መካኒኩ ነበረ። አማርኛችንም ለዚህ አላነሰም፤ ሞተሩ «ይንኳኳል»፣ «ዘይት ይበላል»፣ «ኀይል ያንሰዋል» እንላለን። በጆሮ፣ በዓይንና በአፍንጫ የተገኙ ግሦች ናቸው።

የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሲገባ ተናጋሪው ተለወጠ። በ1986 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የመቆጣጠሪያ ሣጥኖች በጥንድ ሽቦ የሚነጋገሩበትን «ካን» የተባለውን ዘዴ በዲትሮይት አስተዋወቀ። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበርም ለከባድ ተሽከርካሪዎች በመጀመሪያ ጄ 1587 የተባለውን፣ ቀጥሎም በካን ላይ የተመሠረተውን ጄ 1939 የተባለውን ደንብ አወጣ። አዲሱ ደንብ እስከ 511 ያሉትን ቁጥሮች ከአሮጌው እንዳሉ ወረሰ። ስለዚህ 100 የሞተር ዘይት ግፊት፣ 110 የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት እንደ ሆኑ ቀሩ። ለቋንቋ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሥር ሳይለወጥ እርባታው ብቻ ሲለወጥ ሁልጊዜ የምናየው ነው።

በዚህ ደንብ የተሠራ ኮድ በሰዋስው ዓይን ሲታይ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ባለቤቱን፣ ሁለተኛው ማሠሪያውን ይናገራል። ማሠሪያዎቹ ከ0 እስከ 31 ድረስ ናቸው። የተርጓሚው ፈተና ያለው ከእነዚህ ላይ ነው። 0 «መረጃው ትክክል ነው፤ መጠኑ ግን ከመደበኛው በላይ ነው» ይላል። 3 ደግሞ «ቮልቴጁ ከመደበኛው በላይ ነው» ይላል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሁለቱም «ከመደበኛ በላይ» ተብለው ቢጻፉ ምን ይደርሳል?

110 ከ0 ጋር ሲመጣ ውሃው በእርግጥ ፈልቷል፤ ሞተሩን ማሳረፍ፣ ራዲያተሩንና የማራገቢያውን ቺንጋ መመርመር ይገባል። 110 ከ3 ጋር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የተለመደው የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ሽቦው ሲበጠስ ወይም ሶኬቱ ሲላቀቅ ቮልቴጁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮንትሮለሩ ከዚህ የሚያነበው ግለት ሳይሆን ብርቱ ቅዝቃዜ ነው። «ቮልቴጅ» የምትለው አንዲት ቃል ስትቀር የትርጉሙ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ መካኒኩም ደኅናውን ራዲያተር ሲያወርድ ይውላል። የ100 ደግሞ ይብሳል። ከ1 ጋር ሲመጣ የዘይቱ ግፊት በእውነት ወርዷል፤ ከ4 ጋር ሲመጣ የወረደው የሴንሰሩ መሥመር ቮልቴጅ ነው። ሁለቱን «ከመደበኛ በታች» ብሎ ያጠናቀቀ ትርጉም፣ አንባቢው የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ንቆ ሞተሩን እንዲያቃጥል ይጋብዘዋል።

ለጥቅሉ ስያሜ በአማርኛ «የስሕተት ኮድ» እና «የብልሽት ኮድ» የሚሉ አሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አይስማሙም። ስሕተት የሚሠራ ሰው ነው። ብልሽት ደግሞ አንድ ዕቃ መበላሸቱን አስቀድሞ ይፈርዳል፤ ኮዱ ግን እንዲህ አይልም፤ ኮንትሮለሩ በሽቦው ላይ ያገኘውን ብቻ ይመሰክራል። ይህን ያልተረዳ ገዢ ኮዱ ሴንሰር ስለ ጠራ ሴንሰር ይለውጣል፤ ኮዱ ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ያረጀ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚታወከው ሽፋኑ ተፍቆ ከብረት ጋር በሚነካካ ሽቦ ነውና። «እክል» የሚለው ቃል ዕንቅፋት መኖሩን እንጂ በደለኛውን ስለማይናገር የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

በአሮጌ ማሽን ግዢ ላይ ሌላ ጥንድ ቃል ያስቸግራል። ደንቡ አሁን ያለውን እክል ቀድሞ ከነበረው ይለያል፤ የቀድሞው ስንት ጊዜ እንደ ታየም ይቈጥራል። የመጀመሪያውን «ንቁ» ያሉት አሉ፤ ንቁ ግን ትጉህ ሰው ነው። «ያለ እክል» እንዳንልም «እክል የሌለበት» ተብሎ ሊነበብ ነው። ስለዚህ «አሁን ያለ» እና «ቀድሞ የነበረ» ብንል ይሻላል። ልዩነቱ ገንዘብ ያስከፍላል። ቀድሞ የነበረውን መዝገብ ሻጩ በመመርመሪያ መሣሪያ ሊያጠፋው ይችላል፤ ባዶ ሞኒተር የማሽኑን ጤንነት አያረጋግጥም። አሁን ያለው እክል ምክንያቱ ካልተወገደ ይመለሳል፤ ሆኖም የግለት እክል ማሽኑ ሞቆ፣ ከባድ ቁፋሮ ላይ ካልዋለ ላይታይ ይችላል።

ያልተቋጨው የ2 ቁጥር ማሠሪያ ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ላይ «የሚዋዥቅ፣ የሚቋረጥ ወይም ትክክል ያልሆነ መረጃ» ይላል፤ መካከለኛው «የሚቋረጥ» ተብሎ ሲጻፍ ጨርሶ የተበጠሰ ሽቦ ይመስላል፤ እንግሊዝኛው ግን የሚጠፋና ተመልሶ የሚመጣ ማለቱ ነው። ለጊዜው «ብቅ ጥልቅ የሚል» የሚለውን አስገብተናል፤ ለመምሪያ መጽሐፍ ጨዋታ የበዛበት ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ።