ዘላን ወይስ አርብቶ አደር?

በእንግሊዝኛ «ኖማድ» እና «ፓስቶራሊስት» የሚባሉ ሁለት ጎረቤታም ቃላት አሉ። የመጀመሪያው የሰውየውን ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ይናገራል፣ ሁለተኛው ከብት አርቢነቱን። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ግን ከብት ሳይኖረው የሚዞር አለ፣ ከብት እያረባ አንድ ቦታ የሚቀመጥም አለ። የሚገርመው፣ «ኖማድ» ከግሪክ ሲነሣ ግጦሽ ፍለጋ የሚሄድ ማለት ነበር። ውሎ አድሮ ግጦሹ ተረሳና መዞሩ ብቻ ቀረ።

ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ ባላጣበብንበት። ገዋኔን እንውሰድ። አፋሩ ዝናብ ሲጥል መንጋውን ይዞ ከወንዙ ራቅ ወዳለው ሜዳ ይወጣል፤ በበጋ ደግሞ የአዋሽ ውሃ ተኝቶበት ወደ ለመለመው ሣር ይመለሳል። መንገዱ የታወቀ ነው፤ የየትኛው ጎሣ ግጦሽ የት እንደሚያበቃም እንዲሁ። ለአዲስ አበባው ሹም ግን ሰውየው «ዘላን» ነበር። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ለሚል ሰው መሬት ምን ያደርግለታል! በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 የግጦሽ መሬትን የመንግሥት ንብረት አደረገው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከገዋኔ በላይ በመልካ ሰዲና በአሚባራ፣ በታች በተንዳሆ የወንዙ ዳር በጥጥ ተያዘ። ከብቱ በበጋ ሲመለስ የጠበቀው ጥጥ ነው። የ1965 እና የ66ቱ ድርቅ ሲመጣ መሸሻው ጠቦ ነበር። ቃል ብቻውን መሬት ነጠቀ አልልም፤ የነጠቀውን ሰው ኅሊና ግን ሳያቀልለት አልቀረም።

«አርብቶ አደር» ኋላ በ«አርሶ አደር» አምሳል የተሠራና መተዳደሪያን የሚጠራ ስም ነው። «ስም ቢለወጥ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5ን ይግለጥ። የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬት ያለመፈናቀል መብት የተሰጠው በእንግሊዝኛው ለ«ፓስቶራሊስት»፣ በአማርኛው ለ«ዘላን» ነው። በአንቀጽ 106 መሠረት ደግሞ የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ቅጂ ነው። እንግዲህ ገዋኔ አጠገብ ሰፍሮ ፍየሎቹን የሚያረባ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባ አፋር ነገ «አንተማ ዘላን አይደለህም» ቢባል በየትኛው ቃል ይከራከራል?