ከሩቅ የሚታሰር ልሳን

የተሰረቀ ዕቃ ጉዳቱ በዋጋው ልክ ነው የሚባለው አነጋገር ለሬድዮ መገናኛ አይሠራም፤ ጠመንጃ የተሰረቀበት ሠራዊት የሚያጣው ያንኑ ጠመንጃ ሲሆን፣ ሬድዮው የተማረከበት ግን ጆሮውንና ልሳኑን በአንድነት ለጠላት ያስረክባልና። ይህንን እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሆላንድ ምድር በብዙ ደም ተማሩት። እ.ኤ.አ. በማርች 1942 ጀርመኖች በዘ ሄግ ከተማ ሁበርት ላውወርስ የተባለውን የእንግሊዞች የምስጢር መልእክተኛ ከነመሣሪያው ይዘው ወደ ለንደን መልእክት እንዲልክ ባስገደዱት ጊዜ፣ እርሱ መያዙን ለማስታወቅ ሲል በምስጢር የተሰጠውን የማረጋገጫ ምልክት ሆን ብሎ ቢያስቀርም፣ ለንደን ያሉት ሹማምንት የምልክቱን መጉደል ከቁም ነገር አልቈጠሩትም፤ በዚህም ምክንያት ለንደን የላከቻቸው ከሃምሳ የሚበልጡ ሰዎች በጨለማ በጃንጥላ እየወረዱ በጀርመኖች እጅ ገቡ፤ አብዛኞቹም በእስር ቤት ሕይወታቸው አለፈ። ለንደን ያንን መሣሪያ ከባሕር ማዶ ሆና ዝም የምታሰኝበት ሥልጣን አልነበራትም። በዚያ ዘመን የታወቀው መድኃኒት ባሩድ ነበር፤ ወዳጅ አውሮፕላንን ከጠላት በሚለየው የሬድዮ መሣሪያ ውስጥ ትንሽ ፈንጂ ይቀበርና አብራሪው ቁልፍ ሲጫን፣ ወይም አውሮፕላኑ ሲከሰከስ፣ መሣሪያው ከነምስጢሩ ይፈርሳል።

ሬድዮው ወደ ሰላማዊ ሥራ ሲገባ ባሩድ አብሮት ሊገባ አይችልም። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት የቤዮን ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1933 ከመኪና ውስጥ ሆኖ መስማትም መናገርም ጀመረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ባለ ታክሲው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ የወደብ ጫኙና የሆቴል ዘበኛው ሁሉ በየተራ የዚህ መሣሪያ ባለቤት ሆኑ። መሣሪያው እያነሰ በወገብ ላይ በተንጠለጠለ መጠን መጥፋቱም ቀለለ። የሚሠራበት ሞገድ ለሁሉ የተከፈተ ስለ ነበረ፣ አንዱን የሌባ ሬድዮ ከመቶው ለይቶ የሚገሥጽ አልተገኘም፤ የቀረው ብልሃት ሞገዳቸውን የሚወስነውን የሌሎቹን ሬድዮዎች ክሪስታል አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ሌላ ሞገድ ማዛወር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ስለ አንዱ በደለኛ መቶውን ንጹሐን ማሠቃየት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ለእያንዳንዱ ሬድዮ የራሱ ቍጥር በተሰጠው ጊዜ ነው። ቍጥር ያለው ይጠራል፤ የሚጠራም ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1988 በብሪታንያ የወጣው ኤምፒቲ 1327 የተባለው ደንብ፣ ከዚያም በ1995 የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ያወጣው ቴትራ፣ መቈጣጠሪያ ጣቢያው ከብዙ ሬድዮዎች መካከል አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያናግርበትን ሥርዓት አጸኑ። በቴትራ ደንብ መሣሪያውን ማሰር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው እንደ ቤተ ክርስቲያን ግዘት ያለ፣ የሚፈታ እስራት ሲሆን፣ የታሰረው ሬድዮ መናገርም የሰውን ንግግር መስማትም ተከልክሎ ሳለ፣ የፍቺውን ትእዛዝ ለመቀበል ያህል ብቻ ጣቢያውን በስውር ያዳምጣል፤ ሁለተኛው ግን ሠሪው ፋብሪካ ካልሆነ በቀር ማንም የማይፈታው ነው።

ሌባ ባትሪውን ነቅሎ ቢያስቀምጥ ግን የማሰሪያው ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ጣቢያው ትእዛዙን ይዞ ይጠብቃል እንጂ ምን ያደርጋል? ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ሥልጣኑ ራሱ የሚሰረቅ መሆኑ ነው። ከቴትራ በፊት ቍጥር በተሰጣቸው አሮጌ ሬድዮዎች የማሰሪያው ትእዛዝ ማን እንደ ላከው የማይጠየቅበት የድምፅ ምልክት ስለ ነበረ፣ ምልክቱን ያጠና ተንኮለኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛውን በሥራው መካከል ዲዳ ሊያደርገው ይችል ነበር። ቴትራ ይህን በር ለመዝጋት ሬድዮውና ጣቢያው አንዱ የሌላውን ማንነት የሚመረምሩበትን መንገድ ሰጠ፤ መንገዱን መሄድ ወይም አለመሄድ ግን ለባለቤቱ የተተወ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህንን ለፈቃድ መተዋቸው አይገባኝም።

ከሌባው ይልቅ የመቈጣጠሪያው ክፍል ሠራተኛ ጣት የሚያሳስባቸውም አሉ፤ መሣሪያው የሚታወቅበት ቍጥር አሥራ አምስት አሃዝ ነውና፣ በመጨረሻዎቹ ላይ አንዱ ቢሳሳት፣ ትእዛዙ የሚደርሰው ከሌባው ዘንድ ሳይሆን በሌሊት ለብቻው ከሚጠብቅ ዘበኛ ዘንድ ሊሆን ይችላል።