ከያኪማ ቦይ እስከ ሲያትል ማድቤት

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። የምተርክላችሁ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ በዋሽንግተን ግዛት የሆነ እውነተኛ ነገር ነው። ዘመኑን በእነሱ አቆጣጠር እይዛለሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው በ1911 ነው። በእኛ በኩል ዳግማዊ ምኒልክ የአልጋ ቁራኛ ሆነው፣ አገር ሁሉ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያለ የሚጨነቅበት ጊዜ ነበር።

ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ ያኪማ የሚባል ሸለቆ አለ። ተራሮቹ ከባሕር የሚመጣውን ዝናብ ስለሚያስቀሩበት ደረቅ አገር ነው። ሰዎች ግን ወንዙን ጠልፈው በቦይ መሩት፤ ባቡር ሰፋሪ አመጣ፤ አቧራው የፖም አገር ሆነ። ዋናዋ ከተማ ያኔ ሰሜን ያኪማ ትባል ነበር። ገበሬው ቦዩ በደጁ ያልፋል፤ ከብቱን ያጠጣበታል፣ አትክልቱን ያለማበታል፣ አንዳንዱ ቤተሰብም ለመጠጥ ይቀዳበታል። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ ብዙውም ክፍት፣ ዝንብ እንዳሻው ገብቶ የሚወጣበት። መስኮቱ ወንፊት የለው፣ ማዕዱ ክዳን የለው።

በጋ በመጣ ቁጥር ሰው ይወድቃል። ትኩሳቱ ቀስ ብሎ ይጀምርና በየቀኑ ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ሳምንታት ይቆያል። የበረታበት ሰው አንጀቱ ይደማል፣ ይበሳል። ያኔ አንቲባዮቲክ አልተገኘም፤ የቤተሰብ ሥራ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ነበር። በሽታው ታይፎይድ ነው። ያኪማ ደግሞ በአገሪቱ ታይፎይድ እጅግ ከሚበረታባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆና ስሟ ወጣ።

በዚያ ዓመት ሌስሊ ላምስደን የሚባል የፌዴራል መንግሥት የጤና መኮንን ወደ ሸለቆው መጣ። የቨርጂኒያ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ዲሲ ታይፎይድ ከየት እንደሚነሣ ከባልደረቦቹ ጋር ሲያጠና ኖሯል። የዚህ ሰው ትልቁ ነገር አካሄዱ ነው። በሽተኛ ወደ እርሱ እስኪመጣ አልጠበቀም። ወደየቤቱ ሄደ። ውኃው ከየት ይቀዳል፣ ወተቱ ከማን ይገዛል፣ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ ዝንቡ ከየት ወዴት ይበራል፣ ቀድሞ የታመመው ማን ነው፤ ይህን ሁሉ ጠየቀ፣ አየ፣ ጻፈ። መልሱን በዚያው ዓመት መንግሥት አሳተመው። ለመስማት የሚከብድ መልስ ነበር፤ የአንዱ ሰው ዓይነ ምድር በቦዩ፣ በጉድጓዱ፣ በዝንቡ እግር እየተጓዘ ወደ ሌላው ሰው አፍ እየገባ ነው አለ። በእንግድነት በመጡበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ መቀመጥ ድፍረት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የተረኩ አንጓ እዚህ ነውና። ላምስደን ቦዩን አጽዱ፣ ሽንት ቤቱን ክደኑ ብቻ ብሎ አልሄደም። ካውንቲው የሙሉ ጊዜ የጤና መሥሪያ ቤት ይኑረው አለ። ካውንቲ ማለት ከግዛቱ በታች ያለ፣ የእኛን የድሮ አውራጃ የሚመስል አስተዳደር ነው። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የአሜሪካ ገጠር የካውንቲ ሐኪም የሚባለው የራሱ በሽተኞች ያሉት ሰው ነበር፤ ካውንቲው ትንሽ ገንዘብ ይቆርጥለታል፣ እርሱም ወረርሽኝ ሲገባ ብቅ ይላል። እስቲ የዚህን ሰው ችግር አስቡት። ዛሬ ሄዶ ሽንት ቤትህ ጎረቤትህን እየገደለ ነውና አፍርሰህ ሥራ የሚለው ሰው፣ ነገ ልጁን ይዞ መጥቶ ገንዘብ የሚከፍለው ደንበኛው ነው። እንዴት ብሎ ይጨክናል? ለዚህ ነው ላምስደን ደመወዙ ከሕዝብ፣ ሥራው ዓመቱን ሙሉ፣ በሽተኛው ደግሞ ካውንቲው በሞላ የሆነ ሰው ያስፈልጋል ያለው።

ያኪማ ሰማች። መሥሪያ ቤቱ በዚያው በ1911 ተቋቋመ፤ ታይፎይድም እየቀነሰ ሄደ። በዚያው ዓመት በሰሜን ካሮላይና የጊልፎርድ ካውንቲም የራሱን ከፍቷል፤ የኬንታኪው ጄፈርሰን ካውንቲ ከሁለቱም በፊት በ1908 ጀምሬያለሁ ይላል። ማን ቀደመ የሚለውን ለእነሱ ልተወው።

ላምስደን ግን አላረፈም። ከ1914 እስከ 1916 እርሱና ባልደረቦቹ በ15 ካውንቲዎች ከ51 ሺህ በላይ የገጠር ቤቶችን አንድ በአንድ ዞሩ። ንጽሕናው የተጠበቀ ሽንት ቤት ያለው ቤት ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ! ዛሬ ያንን አገር ስናይ ንጽሕናው አብሮት የተፈጠረ ይመስለናል። አልተፈጠረም፤ ሰው በር እያንኳኳ፣ እየተቆጡት፣ ተመልሶ እየሄደ ያመጣው ነው።

ይህን የማንኳኳት ሥራ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲከፈት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ አብረው ቆመውለት ነበር። ኮሌጁ ያወጣቸው ባለሙያዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። የአሜሪካ የካውንቲ ጤና መሥሪያ ቤትም የቆመው በእነዚሁ በሦስቱ ነው፤ መኮንኑ፣ ነርሷና የንጽሕና ተቆጣጣሪው። በኋላም ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለየቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጡ፤ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶች፣ ደብተር በእጃቸው ይዘው፣ ሽንት ቤት አስቆፍሩ፣ ልጁን አስከትቡ፣ እርግዝናሽን ተከታተይ እያሉ። እነዚያ ልጆች በእግራቸው የወጡትን ዳገት የሚያውቅ ሰው የላምስደንን ሥራ ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

አሁን ከ1911 ሰማንያ ሁለት ዓመት ልዝለልና ወደ ዋሽንግተን ግዛት ልመለስ፤ ተራሮቹን ተሻግረን ሲያትል ነን፣ ኪንግ ካውንቲ። ጃንዋሪ 1993። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ሆስፒታል ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ኩላሊታቸው መሥራት ያቆማል። ተሕዋሲው ኢ ኮላይ ኦ157 የሚባለው ነው። የዋሽንግተን ግዛት ይህን ተሕዋሲ በበሽተኛው ላይ ያገኘ ሐኪም ሁሉ ለጤና መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ከ1987 ጀምሮ ደንግጎ ነበር። ያኔ ብዙዎቹ ግዛቶች እንዲህ ያለ ደንብ አልነበራቸውም። ጃንዋሪ 13 ቀን አንድ ሐኪም የሕፃናቱ ቁጥር አላማረውምና አስታወቀ።

ከዚያ የሆነውን ቀስ ብላችሁ ስሙት። የግዛቱና የየካውንቲው የጤና ሠራተኞች ስልክ አነሡ። ልጇ ማሽን ላይ ተኝቶ የምታለቅስ እናት ይደወልላታል፤ ባለፈው ሳምንት ምን በላ? የት? ከማን ጋር? እርሷ ሐኪም ትፈልጋለች እንጂ ጠያቂ አትፈልግም፤ ግን ትመልሳለች። ቀጥሎ ደግሞ ላልታመመ ልጅ ቤተሰብ ይደወላል፤ እናንተስ ልጃችሁ ምን በላ? የጤነኛው ልጅ መልስ የበሽተኛውን ያህል ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ልዩነቱ የሚወጣው። ወጣም። የታመሙት ጃክ ኢን ዘ ቦክስ ከሚባለው የፈጣን ምግብ ሰንሰለት ሃምበርገር የበሉ ነበሩ። ሥጋው በደንብ አልበሰለም። የግዛቱ ደንብ የተፈጨ ሥጋ እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ ያዝዝ ነበር፤ የፌዴራሉ መመሪያ ግን 60 ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰንሰለቱም የግዛቱን አልጠበቀም።

ጃንዋሪ 18 ቀን ሥጋው እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከጥቆማው እስከ መሰብሰቡ አምስት ቀን ነው። ገና ያልተሸጠ ከ270 ሺህ በላይ ቁራጭ የሃምበርገር ሥጋ ተመለሰ። በአራት ግዛቶች በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ሕመምተኛ ብቻ ከ500 በለጠ፤ አራት ሕፃናት ሞቱ። ነገሩን በኋላ ያጠኑት ሰዎች በፍጥነት በመቆሙ ወደ 800 የሚገመት ሰው ከመታመም ድኗል ብለው ጻፉ።

እነዚያ 800 ሰዎች እነማን ናቸው? ማንም አያውቅም። ራሳቸውም አያውቁም። በዚያ ሳምንት እናቱ ሃምበርገር ልትገዛለት ወጥታ ሱቁ የለም ብሎ የመለሳት ልጅ፣ ዛሬ ምናልባት የልጆች አባት ነው። የሞተ ሰው ለቅሶ አለው፣ የታመመ ጠያቂ አለው፤ ከመታመም የተረፈ ግን ደጅ የሚጠና፣ ለመሥሪያ ቤቱም የሚከራከር ሰው የለውም። የካውንቲ ጤና መሥሪያ ቤቶች መከራም ከዚህ ይመጣል። ሥራቸው በሰመረ መጠን አይታይም፤ ባልታየ መጠን በጀታቸው ይቆረጣል። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ በአሜሪካ በአካባቢ ጤና መሥሪያ ቤቶች ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የሥራ መደብ ታጠፈ። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ነርሷ ስትባረር በዚያ ሳምንት ማንም አይሞትም፤ ቆራጩም ምንም አልሆነም ይላል።

ከዚያ 2020 መጣ። ፌብሩዋሪ 29 ቀን የኪንግ ካውንቲ ሰዎች የኮቪድ ሞት በካውንቲያቸው መድረሱን ሰሙ፤ ወረርሽኙ ከርክላንድ በምትባል ከተማ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ገብቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሞቱ ይፋ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። በየቤቱ እየደወለ ማን ከማን ጋር ተገናኘ የሚለውን የሚያጣራ ሰው በአንድ ጊዜ በብዛት ተፈለገ። በዓመታት የተበተነ ሰው በሳምንት ከየት ይሰበሰባል?

የእኛ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። ሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ የሚኖርባት ናት፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ኤርፖርት የሚሠራው፣ አረጋውያንን የሚንከባከበው፣ ምግብ ቤት የከፈተው። ቤቱ ተቀምጦ መሥራት የማይችል ሰው ነው። የኪንግ ካውንቲ የጤና መሥሪያ ቤት በኮቪድ ጊዜ መልእክቱን በአማርኛም ያወጣ ነበር። ክትባት ይጎዳል አይጎዳም ብሎ ለሚጨነቅ አባት በገዛ ቋንቋው የሚያስረዳው ሲያገኝ የሚሰማውን እፎይታ ልግለጸው ብል አልችልም።

ስለ ምግብ ቤቱም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ ቅሬታ ሲነሣ እሰማለሁና። በዋሽንግተን ግዛት ምግብ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ ተምሮ ተፈትኖ ካርድ ማውጣት አለበት። የካውንቲው ተቆጣጣሪ ሳይነገር ይመጣል፤ ቴርሞሜትሩን ወጡ ውስጥ ይከታል፣ ፍሪጁን ያያል፣ እጅ መታጠቢያው ሳሙና አለው የለው ይላል። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በኪንግ ካውንቲ የምርመራው ውጤት በፈገግታ ፊት ሥዕል በር ላይ ይለጠፋል። ጥሬ ወይም ለብ ለብ ክትፎ የሚያቀርብ ቤት፣ ያልበሰለ ሥጋ ሊያሳምም እንደሚችል ምናሌው ላይ ወይም ደንበኛው በሚያየው ሌላ ቦታ መጻፍ አለበት። ይህን ባህላችንን መናቅ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። እኔ እንዲህ አላየውም። ኢ ኮላይ ኦ157 የሚኖረው በከብቱ አንጀት ነው፤ ሲታረድ ሥጋው ላይ ያርፋል፤ ሥጋው ሲፈጭ ወይም ሲከተፍ ወደ ውስጥ ይቀላቀላል። ያቺን የማስጠንቀቂያ መስመር ያጻፉት የ1993ቱን የመሰሉ የልጆች ሞቶች ናቸው። ክትፎው ይቅረብ፤ እናት ግን ለአራት ዓመት ልጇ ከማጉረሷ በፊት ትወቅ።

ከምግቡ ሌላም የካውንቲው ቢሮ ብዙ ነገር ይሰጣል። የልጆች ክትባት አለ። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ፣ ለሕፃናትም ዊክ የሚባለው የምግብ ድጋፍ አለ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና አለ፤ የልደትና የሞት ምስክር ወረቀትም እዚያ ይገኛል። አዲስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሳያውቅ ዓመታት ያልፉታል፤ ወይም የመንግሥት ቢሮ ነው ብሎ ይፈራል፤ ወይም እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ ሴት ልጁ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ይጠብቃታል። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቷን ሕመም እንድትተረጉም መደረግ የለበትም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ አስተርጓሚ ማቅረብ ይገባዋል፤ ሰውየውም ለዚህ አይከፍልም። ስትደውሉ በእንግሊዝኛ ሌላ ምንም ባትችሉ የቋንቋችሁን ስም፣ አምሃሪክ ብላችሁ ተናገሩና መስመሩ ላይ ጠብቁ። ከዚያ ቢሮ አንድ ቀን ተደውሎ ባለፈው ሳምንት ምን በላችሁ ብትባሉም፣ ታማችሁም ቢሆን ጤነኞችም ብትሆኑ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ የበላችሁትን አንድ በአንድ ንገሯቸው።