ጠርሙሷና ጥቀርሻው፦ የሞተር ማጽጃ ታሪክ ከካርቱም ጋራዥ ሲታይ

ካርቱም ዴም ሠፈር የኖርን ሁሉ ያቺን ጠርሙስ እናውቃታለን። መለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከዘይቱና ከካንዴላው አጠገብ ትቆማለች። ነዳጅ ታንክ ውስጥ ጨምራት፣ ሞተር ሳታስወርድ ጥቀርሻውን ጠርጋ ታወጣልሃለች ይባላል። ከእኛ መካከል የሸጣትም የገዛትም አለ። አሁን ወደ ካርቱም የሚመለሱ ቤተሰቦች ቆሞ የከረመ መኪናቸውን ለማስነሳት ሲያስቡ ገና ከመነሻው የሚጠይቁት ስለ እሷ ነው። እውነት ታጸዳለች? ይህን ለመመለስ ታሪኳን ከሥሩ ማውራት ይሻላል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ባጭሩ ስንናገር፣ ጠርሙሷ የምታጸዳው ነዳጁ የሚነካውን ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ውስጧ ያለው ነገር ትክክለኛው ከሆነ። ሞተር ደግሞ በየዘመኑ ሲለወጥ ጥቀርሻው ቦታ ይቀያይራል። ለአባት መኪና የሠራች ጠርሙስ ለልጁ መኪና የማትሠራው ለዚህ ነው።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጠርሙስ አልነበረም። ነዳጁም ዘይቱም ሻካራ ስለነበር የፒስቶኑ አናትና ቫልቮቹ ቶሎ በጥቀርሻ ይሸፈኑ ነበር። መፍትሔው ጉልበት ነው፤ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሞተሩ ይፈታል፣ ካርቦኑ በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ ቫልቩ ተፈጭቶ ይመለሳል። ይህ እንደ ዘይት ለውጥ ያለ መደበኛ ሥራ ነበር። በ1910ዎቹ አንዳንድ ጋራዦች በካንዴላው ቀዳዳ ኦክስጅን እየነፉ ጥቀርሻውን እዚያው ውስጥ ያቃጥሉት ነበር። ደፋር ሰዎች ነበሩ። ያን ያህል የተደከመበት ምክንያት አለው፤ ጥቀርሻ የፒስቶኑን ቦታ ያጠብባል፣ ግሎ እንደ ፍም ይቀራል፣ ነዳጁም ያለ ሰዓቱ ይቀጣጠልና ሞተሩ ይመታል።

በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጀነራል ሞተርስ ተመራማሪ ምቱን በእርሳስ ውሕድ ጸጥ አሰኘው። እርሳሱ ግን ራሱ ሌላ ቆሻሻ ሆነ፤ ካንዴላና ቫልቭ ላይ ስለሚጋገር ጠራርጎ በጭስ የሚያስወጣው ሌላ ኬሚካል አብሮ መጨመር ነበረበት። መርዙ ለሕዝብ ጤና ያተረፈውን እናውቃለን፤ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በሰኔ 2001 ዳካር ላይ ተስማምተው፣ በ2006 መባቻ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን አቆሙ።

በናፍታ ሞተር በኩል ደግሞ በ1930ዎቹ የካተርፒላር ሞተሮች የፒስቶን ፋሻ በጥቀርሻ እየተጣበቀ አስቸገረ። ያኔ መድኃኒቱ የተጨመረው ዘይቱ ውስጥ ነው። ዛሬ የናፍታ ሞተር ዘይት በተቀየረ ማግሥት የሚጠቁረው ጥቀርሻውን ይዞ እንዲዞር ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ጠቆረ ብለው ሻጩን የሚከስሱ ደንበኞች ስንት ጊዜ እንዳጋጠሙን!

ነዳጅ ውስጥ የሚገባው ማጽጃ በንግድ ደረጃ የመጣው በ1950ዎቹ ሲሆን ያኔ የታሰበው ለካርቡራተር ነበር። ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ግን የማንኛውም ነጋዴ ትምህርት ነው። በ1970 የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል በሼቭሮን ስም ኤፍ-310 የተባለ ማጽጃ ያለበት ቤንዚን አወጣ። ለማስታወቂያው የጠፈር ተጓዡን ስኮት ካርፐንተርን ቀጠረ። በቴሌቪዥን የታየው መኪና ጭስ ማውጫው ላይ ትልቅ ከረጢት ታስሮ ከረጢቱ ጥቁር ጭስ ይሞላል፤ መኪናው ስድስት ታንክ ኤፍ-310 ከተጠቀመ በኋላ ያው ከረጢት ጥርት ብሎ ይታያል። ያላሉት ነገር፣ ሞተሩ ከሙከራው በፊት ሆን ተብሎ ቆሻሻ እንዲያበዛ በተቀመመ ነዳጅ እንዲቆሽሽ መደረጉን ነው። ደግሞም ጥርት ያለ ጭስ ማለት ንጹሕ ጭስ ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በዓይን አይታይም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ክስ መሠረተ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1978 ትዕዛዙን ቢያጠብበውም ማስታወቂያው አሳሳች ነው የሚለውን አጸና።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ኤፍ-310 ውኃ አልነበረም። የቆሸሸ ካርቡራተርን በእርግጥ ያጸዳ ነበር። ውሸቱ ያለው ትዕይንቱ ላይ ነው። ዛሬም በስልካችን የምናያቸው፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ እንደ መስተዋት የሚያበራ የፒስቶን ሥዕሎች የዚያች ከረጢት የልጅ ልጆች ናቸው።

በ1980ዎቹ ካርቡራተር ቀርቶ ኢንጄክተር ሲገባ ችግሩ ተባባሰ። ሞተሩ እንደሞቀ ሲጠፋ በኢንጄክተሩ ጫፍ የቀረችው የቤንዚን ጠብታ እዚያው ትበስላለች። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም እንደ ፀጉር የቀጠነው ቀዳዳ ይጠብባል። የካርቱምን የግንቦት ፀሐይና ቀኑን ሙሉ እየቆመ እየተነሳ ሰው የሚጭነውን አምጃድ አስቡት፤ ለዚህ በሽታ የተመቸ ሥራ ነው። የዚያ ዘመን መልስ ፖሊኢተራሚን የተባለው ኬሚካል ሆነ። ኢንጄክተርን፣ የመግቢያ ቫልቭን፣ በተወሰነ መጠንም የፒስቶኑን አናት እንደሚያጸዳ በሙከራ የታየው ይህ ነው። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1995 ጀምሮ ማንኛውም ቤንዚን ማጽጃ እንዲኖርበት በሕግ አዘዘች። በ2004 ደግሞ ቢኤምደብሊው፣ ጀነራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ሕጉ የጠየቀው መጠን አነሰን ብለው የራሳቸውን ከፍ ያለ መስፈርት አወጡ። መኪና ሠሪዎች በገዛ እጃቸው እንዲህ ካደረጉ፣ ማጽጃ ሁሉ ማጭበርበር ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

ችግሩ ሱቃችን ያለችው ጠርሙስ ሁሉ ይህን ኬሚካል አለመያዟ ነው። ብዙዎቹ በአብዛኛው ላምባና መሰል ማሟሟያ ናቸው። እኛን ደግሞ ቋንቋም ያሳስተናል። ሱዳን ውስጥ «ጃዞሊን» ማለት ናፍታ ነው። ከአሜሪካ የመጣች ጠርሙስ ላይ «ጋዞሊን» የሚል ሲነበብ ግን ቤንዚን ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የቤንዚን ማጽጃ የናፍታ ከባድ መኪና ላይ የጨመረ ሾፌር እናውቃለን። የኛም አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። «ናፍታ» የምንለው ቃል ከጣሊያን የወረስነው ነው፤ ጠርሙሷ ጀርባ ላይ ተመሳሳዩ ቃል ሲጻፍ ግን ቶሎ የሚተን ቀላል ማሟሟያ ማለት ነው። «ናፍታ አለበት፣ ለናፍታ መኪና ይሆናል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ የገዢው ፖምፓ ግን ቅባቱ ይቀጥንበታል።

ነዳጁስ ከየት ነበር የሚመጣው? ሱዳን በ1964 ፖርት ሱዳን ላይ፣ በ2000 ደግሞ ከቻይና ጋር ሆና ከካርቱም በስተሰሜን ጀይሊ ላይ ማጣሪያ ከፈተች። የኛ አሰብ ማጣሪያ በ1997 ከተዘጋ በኋላ ኢትዮጵያም የሱዳንን ቤንዚን በመተማ በኩል በቦቴ ታስገባ ነበር። በዚህ ጦርነት ጀይሊ በእሳት ተጎድቷል። በጀሪካን እየተዘዋወረ የሚሸጥ ቤንዚን ደግሞ ከምን እንደተቀላቀለ የሚያውቀው የለም። በላምባ የተበረዘ ቤንዚን በማንኛውም ጠርሙስ አይድንም፤ ጥቀርሻ አምራቹ ራሱ ነዳጁ ነውና።

አሁን ወደ ዘመናችን ሞተር። ሚትሱቢሺ በ1996 ቤንዚንን በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ የሚረጭ ሞተር ለገበያ አቀረበ፤ ዛሬ ብዙ አዳዲስ መኪኖች እንዲህ ናቸው። በእነዚህ ሞተሮች ነዳጁ የመግቢያ ቫልቩን ጀርባ አይነካም። ስለዚህ ታንክ ውስጥ የገባ ማጽጃ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ እዚያ ሊደርስ አይችልም። ቫልቩ በዘይት ተን እየተጋገረ ይሄዳል፣ መጨረሻው ተፈትቶ በተፈጨ የዋልነት ቅርፊት መነፋት ነው። ቶዮታ በአንዳንድ ሞተሮቹ ላይ ሁለተኛ ኢንጄክተር ከቫልቩ በፊት ጨምሯል፤ ከጥቅሞቹ አንዱ ቫልቩን ማጠቡ ነው።

የእኛን ሰው ይበልጥ የሚነካው ግን ዲፎርዲው ነው። አንድ ወገናችን በገዳሪፍ መንገድ የሚሠራበት የናፍታ ሃይሉክስ ጉልበት አጣበት፣ ጭሱም ጠቆረ። ሦስት ጠርሙስ በተከታታይ ጨመረ፤ ለውጥ የለም። መካኒኩ የአየር መግቢያውን ሲፈታው ቧንቧው ሬንጅ በመሰለ ጥቁር ጭቃ ተደፍኖ ጣት አያሳልፍም። በእነዚህ ሞተሮች ብክለት ለመቀነስ ሲባል ከጭሱ ከፊሉ ወደ መግቢያው ይመለሳል፤ ያ ጥቀርሻ ከዘይት ተን ጋር ተለውሶ ነው እንዲያ የሚሆነው። ጠርሙሷ የምታልፈው በኢንጄክተሩ ነው፣ ጭቃው ያለው በአየሩ መንገድ ነው። በግማሽ ቀን ተፈቶ ታጠበና መኪናው ተነሳ።

የአቧራውንም ነገር አንርሳ። ከሀቡብ በኋላ የአየር ማጣሪያውን ያላየ ሰው የናፍታ ሞተሩን አፍኖ ያሠራዋል፤ የታፈነ ሞተር ደግሞ ጥቀርሻ ያበዛል። ፋሻው አልቆ ዘይት የሚበላ ሞተርም እንዲሁ፤ ዛሬ ቢጸዳ በወሩ ይመለሳል።

ወደ ካርቱም የምትመለሱ፣ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ቆሞ የተረፈ መኪና ያላችሁ፣ የእናንተ ጉዳይ ከጥቀርሻ ይለያል። የቆመ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙጫ ይሆናል። ታንኩን ስትከፍቱ የቀለም ቤት የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ እሱ ነው። ጠርሙስ ጨምሮ ቁልፍ ማዞር ሙጫውን ወደ ፖምፓና ኢንጄክተር መግፋት ነው። መጀመሪያ አሮጌው ቤንዚን ይቀዳ፣ ማጣሪያው ይቀየር። ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ይጨመር፣ ሞተሩም በእጅ ይዙር። ከዚያ አዲስ ቤንዚን። ጠርሙስ የግድ ካላችሁ፣ ፖሊኢተራሚን የሚል የተጻፈባትን ፈልጉ፤ መኪናው አንድ ሁለት ታንክ በደህና ከሠራ በኋላ፣ ከዘይት ለውጡ ቀደም ብላችሁ ጨምሯት፤ የታጠበው ቆሻሻ ከፊሉ ወደ ዘይቱ ይወርዳልና።