ከዋክብት፣ ቁጥርና የባቡር ሐዲድ፦ ከኅዳር በሽታ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወለንጪቲ የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል፤ በመተሐራና በአዳማ መካከል ከነበሩት ጣቢያዎችም አንዷ ወለንጪቲ ነበረች። የባቡር ታሪክ ሲነገር በአብዛኛው የሚወሳው ሸቀጡና መንገደኛው ነው። ዳሩ ግን ሐዲዱ የሰውን ጉዞ ሲያሳጥር ከሰው ጋር የሚጓዘውን በሽታም መንገድ አሳጥሮለታል። ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ የደረሰው መቅሠፍት ይህን ነገር በጥሞና ለመመርመር ምክንያት ይሆናል።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በሕዝቡ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወቀው ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። በከተማዪቱ የሞተው ሰው ወደ 10,000 እንደሚጠጋ ተገምቷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንንም በጽኑ ታመው ድነዋል። በኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ ላይ ብዙ የጻፉት ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1975 በዚህ ወረርሽኝ ላይ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትመዋል። በሽታው በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደፈጀ የሚገመተው ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

«ኢንፍሉዌንዛ» የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ቃሉ በጣሊያንኛ «ተጽዕኖ» ማለት ሲሆን፣ የበሽታው ስም የሆነውም ወረርሽኝን የሚያመጣው የከዋክብት ተጽዕኖ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1348 የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህራን ስለ ጥቁሩ ሞት ሲጠየቁ፣ ሳተርን፣ ጁፒተርና ማርስ ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የሰማይ ክፍል መገናኘታቸውን በምክንያትነት አቅርበዋል። በሀገራችንም «ዐውደ ነገሥት» የተባለው መጽሐፍ የሰውን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር እየለወጠ ኮከቡን በማግኘት ስለ ሕመሙ ይናገራል። ይህን ሁሉ በንቀት ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት «ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ለምን ታመመ?» ብለው መጠየቃቸው ትክክል ነበር። የጎደላቸው መልሱን የሚፈትኑበት መሣሪያ ነበር።

ጥያቄው በዘመናችንም ወደ ሰማይ ተመልሶ ነበር። በከዋክብት ውስጥ ንጥረ ነገሮች እንዴት እንደሚፈጠሩ በማስረዳት ስመ ጥር የሆኑት እንግሊዛዊው የአስትሮፊዚክስ ሊቅ ፍሬድ ሆይልና በስሪላንካ የተወለዱት የሒሳብና የአስትሮፊዚክስ ምሁር ቻንድራ ዊክራማሲንጌ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ኢንፍሉዌንዛን የመሳሰሉ በሽታዎች ከጅራታም ኮከቦች ጋር ተያይዘው ከኅዋ እንደሚወርዱ ተከራከሩ። በሽታው በተራራቁ ሥፍራዎች በአንድ ሰሞን መታየቱን ለክርክራቸው ማስረጃ አደረጉት። ይሁን እንጂ የሕክምናው ዓለም ሐሳቡን አልተቀበለውም። በአላስካ በበረዶ በተያዘ መቃብር ውስጥ ከቆየ አስከሬንና ለዓመታት ተጠብቀው ከኖሩ የሳንባ ናሙናዎች የ1918ቱ ቫይረስ የዘር ቅንብር ተነበበ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2005 ተጠናቀቀ። ቅንብሩ ከአእዋፍ ኢንፍሉዌንዛ ጋር የሚዛመድ ሆኖ ተገኘ። ምንጩ በምድር ላይ በሚኖሩ ፍጥረታት ዘንድ ነበር ማለት ነው።

በተራራቁ ሥፍራዎች በፍጥነት መታየቱንስ ምን ያስረዳዋል? እዚህ ላይ የሒሳብ ትምህርት ይረዳል። ስኮትላንዳውያኑ ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ወረርሽኝ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚበርድ በቀመር አሳይተዋል። አንድ ሕመምተኛ በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ በሽታውን ለሁለት ሰዎች ያስተላልፋል ብንል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ በዐሥረኛው ዙር፣ ማለትም በአንድ ወር ውስጥ፣ አዲሶቹ ሕመምተኞች 1,024 ይደርሳሉ። በሽታው ያልነካው ሰው ቁጥር እያነሰ ሲሄድ ደግሞ ወረርሽኙ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። የኅዳር በሽታ በድንገት ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጋብ ማለቱ ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል።

ኢንፍሉዌንዛ ከተያዙበት ዕለት ጀምሮ ምልክቱ እስኪታይ ከአንድ እስከ አራት ቀን ይፈጃል። በግመልና በበቅሎ ከባሕር ዳርቻ ወደ ሸዋ የሚወጣ ነጋዴ ሳምንታትን በመንገድ ላይ ያሳልፍ ስለነበር፣ ሲነሣ የተያዘ ሰው ከመድረሱ በፊት ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። ባቡሩ ግን በቀን ብቻ እየተጓዘ ይህንኑ መንገድ በሦስት ቀን ገደማ ይጨርስ ነበር። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ጤነኛ መስሎ የተሳፈረ ሰው ሳል ሳይጀምረው ወለንጪቲን አልፎ አዲስ አበባ ሊወርድ ይችላል። ይህ ስሌት በሽታው በባቡር ብቻ ገባ አያሰኝም፤ ከሰማይ መውረድ ሳያስፈልገው በምድር መንገድ ፈጥኖ ሊደርስ እንደሚችል ግን ያሳያል።

እንዲህ ያለው ስሌት ሁሉ የሚቆመው በትክክለኛ ቀን ላይ ነው። ቀንን የመቁጠር ጥበብ ደግሞ ለሀገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በ19፣ በ76 እና በ532 ዓመታት ቀመሮች አስተባብሮ አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣል። ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 1918 ይውላል፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት በቆመ በዐሥረኛው ቀን መሆኑ ነው። «1911» የሚለውን ቁጥር ያለማስተዋል እንደ አውሮፓውያን ዓመት የሚያነብ ሰው ወረርሽኙን በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ከዓለም አቀፉ ወረርሽኝ ጋር ያለውንም ዝምድና ይቆርጠዋል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚሠራ ጤና ተቋምም ተመሳሳይ ስሕተት የሕፃንን ዕድሜ፣ የክትባትን ቀን ወይም የወረርሽኝን መነሻ ሊያዛባ ይችላል።

ሕዝቡም መቅሠፍቱን በራሱ መንገድ መዝግቦታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ በየሠፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ልማዱ በሽታ ከተበከለ አየር ይመጣል ከሚለው ጥንታዊ እምነት ጋር ይቀራረባል። ጭሱ ቫይረስን እንደማያጠፋ፣ ሳንባንም እንደሚጎዳ ለጤና ባለሙያ ግልጽ ነው። ቢሆንም ልማዱ የመቅሠፍቱን ቀን ሳያዛንፍ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ጠብቆ አቆይቷል፤ ስለ ጽዳትና ስለ ወረርሽኝ ለማስተማርም ከዚህ የተሻለ ዕለት በቀላሉ አይገኝም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲገለጽ፣ በሽታው ከአህጉር አህጉር የሚሻገረው በአውሮፕላን ፍጥነት ሆኗል። ወደ ጅቡቲ የሚያመራው የመኪና መንገድ ዛሬም በወለንጪቲ ያልፋል። በዚያ መንገድ ዳር ያለ ጤና ባለሙያ ትኩሳትና ሳል ያለበትን ሰው ሲቀበል «ከየት መጣህ? መቼ ጀመረህ?» ብሎ ጠይቆ ቀኑን ከነዘመን አቆጣጠሩ በጥንቃቄ ቢጽፍ፣ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት በከዋክብት ውስጥ የፈለጉትን መልስ ከመዝገቡ ላይ ለማግኘት ያስችላል። ዘግይቶ የተጻፈ ወይም ጭራሽ ያልተጻፈ ቀን ግን በየትኛውም ቀመር አይተካም።